«ካርድዎ አልተገኘም»፦ ሆስፒታሎች ኮምፒዩተር ሲያስገቡ ለታካሚው ምን ይለወጣል?

ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ሌሊት ተነሥተው፣ መኪና ቀይረው፣ ረፋድ ላይ ደብረ ታቦር የደረሱ አንዲት እናት እናስብ። የልብ ሕመም ክትትል አላቸው። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ የመድኃኒታቸውን መጠን ቀይሮላቸዋል፤ የደም ምርመራም አዞላቸው ነበር። ካርድ ክፍል ደርሰው ስማቸውን ሲናገሩ ግን «ካርድዎ አልተገኘም፤ አዲስ እናውጣልዎት» ይባላሉ። ኮምፒዩተር የገባበት ተቋም ከሆነ ደግሞ «ሲስተም የለም፤ ትንሽ ይጠብቁ» የሚል መልስ ያገኙ ይሆናል።

እርስዎም ታካሚ ወይም አስታማሚ ከሆኑ ከሁለቱ አንዱን ሰምተው ይሆናል። መልሶቹ ይለያዩ እንጂ ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሐኪሙ ስለ እርስዎ ምንም ሳያውቅ ከባዶ ይጀምራል።

በአገራችን ብዙ የጤና ተቋማት ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገሩ ነው። ለውጡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተር የተበላሸ አሠራርን ብቻውን አያቃናም። መጀመሪያ የሥራው ቅደም ተከተል ካልተስተካከለ የወረቀቱ ወረፋ የኮምፒዩተር ወረፋ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን፣ እስካሁን ምን እንደተሞከረ፣ እርስዎስ የራስዎን የጤና መረጃ እንዴት መጠበቅ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ካርዱ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ካርድ ማለት የመግቢያ ወረቀት ይመስለዋል። ለሐኪሙ ግን ካርዱ የሕመምዎ ታሪክ ነው። ሲጠፋ የሚከተሉት ችግሮች ይመጣሉ፦

- የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል። ለምሳሌ ዋርፋሪን የተባለው የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት መጠኑ የሚወሰነው በተከታታይ የደም ምርመራ ነው። መጠኑ ካነሰ ደም ሊረጋ፣ ከበዛ ደግሞ ሊደማ ይችላል። ያለፈውን ውጤት ያላየ ሐኪም ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ይቸገራል።
- አለርጂ ይረሳል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህ ካርዱ ላይ ካልታየ ሌላ ቀን ያው መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።
- ምርመራ ይደገማል። ባለፈው ወር የተነሡት ራጅ ወይም የተሠራልዎት የደም ምርመራ እንደገና ይታዘዛል። ገንዘብም ቀንም ይባክናል።
- ለውጡ አይታይም። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኩላሊት ሕመም የሚለካው በአንድ ቀን ቁጥር ብቻ አይደለም። ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ነው መሻሉ ወይም መባሱ የሚታወቀው።

ኮምፒዩተር ገብቶ ወረፋው ለምን አይቀንስም?

የአንድ ተመላላሽ ታካሚን ጉዞ ይቁጠሩ። ካርድ ክፍል ይሰለፋል። ልየታ ክፍል ይገባል። ሐኪም ዘንድ ተራ ይጠብቃል። ምርመራ ሲታዘዝ ለመክፈል ይሰለፋል። ላቦራቶሪ ናሙና ይሰጣል። ውጤት ይጠብቃል። ውጤቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። መድኃኒት ሲታዘዝለት ዋጋ ያስተምናል፣ እንደገና ይከፍላል፣ ከዚያ መድኃኒት ቤት ይሰለፋል። አሥር ያህል ቦታ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ብቻ ቢጠብቅ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው።

አሁን በእነዚህ አሥር ቦታዎች ላይ አሥር ኮምፒዩተር ቢቀመጥ ምን ይለወጣል? የቦታዎቹ ብዛት ካልቀነሰ ብዙም አይለወጥም። እንዲያውም ነርሷ በመዝገብ የጻፈችውን በኮምፒዩተር እንደገና እንድትጽፍ ከተደረገ ሥራው ይጨምራል። ብዙ ባለሙያዎች ሲስተሙን ከሚጠሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ድርብ ሥራ ነው። ሥራ ሲበዛ ደግሞ አንዱ መዝገብ መጉደሉ አይቀርም፤ የሚጎድለውም የእርስዎ መረጃ ነው።

በተቃራኒው ያለ ምንም ኮምፒዩተር የሚቃና ነገር አለ። ካርድ ክፍሉ የነገ ቀጠሮ ያላቸውን ታካሚዎች ካርድ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አውጥቶ ቢያዘጋጅ የጠዋቱ ግርግር ይቀንሳል። የምርመራና የመድኃኒት ክፍያ በቅርብ ባለ አንድ መስኮት ቢሆን መመላለስ ይቀራል። ከተደረደረበት ቦታ የወጣ ካርድ ማን እንደወሰደው የሚያሳይ ምልክት በቦታው ቢተው ፍለጋው ይቀላል። ኮምፒዩተር የሚጠቅመው እንዲህ የተስተካከለ አሠራር ላይ ሲጨመር ነው።

በአገራችን እስካሁን ምን ተሞከረ?

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ወይም ቢፒአር የተባለው ዘመቻ ሲካሄድ የጤናው ዘርፍም ገብቶበታል። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች የለውጥ መመሪያ ወጣ። በዚያው ዘመን በተሻሻለው የጤና መረጃ ሥርዓት ለአንድ ታካሚ አንድ የካርድ ቁጥርና አንድ አቃፊ እንዲኖረው ተደረገ። ቀድሞ ታካሚው ከክፍል ክፍል የተለያየ ካርድ ይከፈትለት ስለነበር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዛሬም በእጅዎ የሚሰጥዎት ትንሿ የቀጠሮና የመለያ ካርድ የዚያ አሠራር አካል ናት።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ሚኒስቴር በአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅዱ «የመረጃ አብዮት» የሚል አጀንዳ አካተተ። ተቋማት መረጃ ሰብስበው ወደ ላይ ከመላክ አልፈው ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ነው የታሰበው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። በገጠር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማኅደርን ከወረቀት ወደ ታብሌት እንዲያዛውሩ የማኅበረሰብ ጤና ኤሌክትሮኒክ መረጃ ሥርዓት ተጀመረ። ቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታብሌት ይዛ ስትጠይቅዎት ይህን እየመዘገበች ነው።

በሆስፒታል ደረጃ የታካሚን ካርድ ወደ ኮምፒዩተር የማዛወሩ ሥራ ግን ከሁሉም የከበደ ሆኗል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ዛምቢያ ውስጥ የተጀመረው ስማርትኬር የተባለው ፕሮግራም ነበር፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎቻችን ከአሥር ዓመት በፊት ተሞክሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፈበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የኤሌክትሮኒክ ካርድ አጠቃቀምን መርምሮ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባለሙያዎች በሲስተሙ እንዳልረኩ ተገኝቷል። አጠቃቀሙንና እርካታውን በብርቱ የሚወስነው ለባለሙያው የሚሰጠው ድጋፍ ነበር። ሲበላሽ ቶሎ የሚጠግን፣ ሲቸግር የሚያሳይ ሰው በቅርብ አለ ወይ? ማሽን ገዝቶ ማስቀመጥ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻው አይደለም።

ፕሮግራሙ የእኛን ሰው ያውቀዋል?

ሌላ አገር የተሠራ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስምና የቤተሰብ መጠሪያ ነው። የእኛ ሰው የሚታወቀው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ካርድ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

- የስም አጻጻፍ። «ኃይለ»፣ «ሃይለ» እና «ኀይለ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰው ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ይብሳል። ጥሩ ፕሮግራም በድምፅ የሚመሳሰሉትን አብሮ ያሳያል።
- ሁለት ስም። በመታወቂያ «ጥሩወርቅ» የሆነች ሴት በሰፈር «ጥሩዬ» ናት። አስታማሚው አንዱን፣ ራሷ ሌላውን ስትናገር ሁለት ካርድ ይከፈታል።
- ዕድሜ። ብዙ አረጋውያን የልደት ቀናቸውን በትክክል አያውቁም። በግምት የተነገረ ዕድሜ በየጊዜው ስለሚለያይ ሰውየውን ለመለየት አይረዳም።
- የዘመን አቆጣጠር። በእኛና በአውሮፓውያን መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። የሕፃን የክትባት ቀን ወይም የነፍሰ ጡር የመጨረሻ የወር አበባ ቀን በስሕተት ከተቀየረ የሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ ይሳሳታል።
- ሰዓት። ኮምፒዩተሩ ያተመው ቀጠሮ 8፡00 ቢል የጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት? በዚህ ምክንያት ተራው ያለፈው ታካሚ ጥቂት አይደለም።

እነዚህን የሚያውቃቸው ካርድ ክፍል የሚሠራው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች ከቢሮ ወጥተው እሱ አጠገብ መቀመጥ፣ ጠዋት ሲጨናነቅ ማየት፣ በአንድ ክፍል ሞክረው ስሕተቱን ማረም፣ ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል መሄድ አለባቸው። በአንድ ቀን በሁሉም ክፍል የተጀመረ ሲስተም ሲሳሳት ስሕተቱም በሁሉም ክፍል ይሆናል።

ትልልቅ አገሮችም በዚህ ተሰናክለዋል። እንግሊዝ በ2002 እ.ኤ.አ. የሆስፒታሎቿን መዝገብ በአንድ ግዙፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለማስተሳሰር ተነሣች። ከላይ ወደ ታች የወረደው ይህ ፕሮግራም ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ወጪ ከተቆጠረለት በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲፈርስ ተወሰነ። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጀው የማረጋገጫ ዝርዝር አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ታካሚው ትክክለኛው ሰው መሆኑን፣ አለርጂ እንዳለበት፣ ዕቃው ተቆጥሮ መሙላቱን ቡድኑ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው ከ11 ወደ 7 በመቶ ቀንሰዋል። በትክክለኛው ቦታ የገባች አንዲት ወረቀት ይህን ያህል ትሠራለች።

ደቡብ ጎንደር የሚያስተምረን

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ከጉና ተራራ ዙሪያ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለው ታካሚ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ሆስፒታል፣ ከፍ ሲልም ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። በእያንዳንዱ ደረጃ መረጃው አብሮት ካልተጓዘ ሕክምናው እንደ አዲስ ይጀመራል።

መረጃ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ዞኑ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው እየከሳ፣ ትኩሳቱ አልለቅ እያለ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞት ነበር። በሽታው ለአካባቢው አዲስ ስለነበር መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታሰበ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው፤ ሕክምናውም በአዲስ ዘመን ተደራጀ። ያኔ ትልቁ ችግር መመርመሪያ አለመኖሩ ነበር። ሆኖም «የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልዳነ» የሚለው መረጃ ከየጤና ጣቢያው በየሳምንቱ ተሰብስቦ ቢነጻጸር ጥርጣሬው ቀደም ብሎ ይነሣ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያዎች ወረርሽኝ ሊሆኑ የሚችሉ በሽታዎችን በየሳምንቱ እንዲያሳውቁ የሚደረገው ለዚህ ነው። እርስዎ ለባለሙያው የሚሰጡት ትክክለኛ ቀበሌና የሕመም መነሻ ቀን ከእርስዎ አልፎ ለጎረቤትዎም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ትምህርት ከጦርነቱ የመጣ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንት ሲደርስ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘርፎ ጉዳት ደርሶበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ፣ ወረቀትም ይሁን ኮምፒዩተር፣ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት ሲስተምም ለዚህ አካባቢ አይሆንም። ለእኛ የሚሆነው ኔትወርክ ሲጠፋ በተቋሙ ውስጥ መሥራቱን የሚቀጥል፣ ሲመለስ የሚያስተላልፍ፣ ቅጂው በሌላ ቦታ የሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ በወረቀት ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተወሰነለት ሥርዓት ነው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ሥርዓቱ እስኪቃና ድረስ ዋናው የመረጃዎ ጠባቂ እርስዎና ቤተሰብዎ ናችሁ።

1. የካርድ ቁጥርዎን አይጣሉ። የመለያ ካርዷን በፕላስቲክ ይያዙ፤ ቁጥሯን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከቤተሰብ አንድ ሰውም እንዲይዘው ያድርጉ።
2. ስምዎን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ያስመዝግቡ። በመታወቂያዎ እንዳለው እስከ አያት ይናገሩ። የፋይዳ መታወቂያ ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ ያሳያል።
3. «አዲስ ካርድ እናውጣ» ሲባሉ መጀመሪያ ይጠይቁ። «እባክዎ በቁጥሬ፣ በአባቴ ስምና በስልኬ ይፈልጉልኝ» ይበሉ። አዲስ ከወጣም አሮጌው ሲገኝ እንዲቀላቀል ያሳስቡ።
4. አንድ ትንሽ ደብተር ይኑርዎት። ሕመምዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማዎት መድኃኒት፣ ያለፉት የምርመራ ውጤቶችና ቀናቸው ይጻፍበት። መጻፍ ካልቻሉ ልጅዎ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትጻፍልዎት።
5. የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። «ነጭ ክኒን» ከማለት ማሸጊያውን ማሳየት ይሻላል።
6. ሪፈር ሲባሉ ወረቀቱን አንብበው ወይም አስነብበው ይውጡ። ምን ሕክምና እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተላኩ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ፎቶም ያንሡት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ያለ ሪፈር ወረቀት ወደ ላይኛው ሆስፒታል መሄድ ከኪስዎ ሊያስከፍልዎት ይችላል። ፎገራ መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለነበረ ብዙ የዞኑ ሰው ይህን ያውቃል።
7. ቀጠሮው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። ቀኑም ሰዓቱም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ በቃልዎ ደግመው ያረጋግጡ።
8. ከቤት ሲርቁ ደብተሩና መድኃኒቱ አይለዩዎት። ለቅሶ ሲሄዱ፣ ለበዓል ዘመድ ሲጠይቁ ወይም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሲሰነብቱ መድኃኒትዎን አያቋርጡ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብዎት ሙቅ ውሃ ከመግባትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

መብትዎንም ይወቁ

የጤና መረጃዎ የእርስዎ ሚስጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። ካርድዎ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ማን ሊያየው እንደሚችል መጠየቅ ነውር አይደለም። የራስዎን ደብተርና ፎቶም ለማያምኑት ሰው አያሳዩ፤ በስልክ ለማያውቁት ሰው አይላኩ።

ሆስፒታሉ ስለ አገልግሎቱ አስተያየት ሲጠይቅዎትም «ጥሩ ነው» ብለው አይለፉ። «ካርዴ ለመገኘት ሁለት ሰዓት ፈጀ»፣ «ለአንድ ምርመራ ሁለት ቦታ ተሰለፍኩ» የሚል ቁርጥ ያለ አስተያየት ለተቋሙም ለፕሮግራም ሠሪውም ይጠቅማል። ባለሙያውን መውቀስ ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛም የዚያው አሠራር ተጠቂ ነው።

ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ካርድ ጠፋ፣ ሲስተም የለም ቢባልም የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ተራ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፦

- የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር
- በድንገት ፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም መናገር አለመቻል
- የማይቆም ደም፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ (በተለይ ዋርፋሪን ለሚወስዱ)
- ራስን መሳት ወይም የሚጥል ሕመም
- ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ

በዚህ ጊዜ ሕክምናው ይቀድማል፤ ካርዱን አስታማሚው በኋላ ያወጣዋል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ካርድዎ ባለመገኘቱ ምክንያት በራስዎ አያቁሙ፣ መጠኑንም አይቀይሩ። የሚወስዱትን በደብተርዎ ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ።